እማማ ኦርሊን የመለሱት ጥያቄ

እማማ ኦርሊንን የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነው። በወጣትነታቸው የጥጥ ጭነት መኪና ነድተዋል፤ መሪ እንደጨበጡ ነው ያረጁት። ታዲያ ስለ መንዳት አንድ ቃል የሚጠይቃቸው ሰው ጠፋ። የልጅ ልጃቸው ዴልሲ እንኳ ኮምፒውተሩ ፊት ስታስቀምጣቸው እንደ ወንበር ትራስ ቆጥራ ነው።

«አያቴ፣ ሲያወራ ስሚው። ዝም ሲል ይቺን አረንጓዴ ተጫኚ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ።»

«ራሴን ቢበላኝስ፣ ልከክ?»

«እሱ ይፈቀዳል።»

ዴልሲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር አንድ የቀብር አጀብ አዘገመባትና መኪናዋን አስሩጣ ቀድማው ስታልፍ ፖሊስ ያዛት። ዳኛ ሆሊስም ለወጣት አጥፊዎች የተዘጋጀውን የአነዳድ ትምህርት በኮምፒውተር ተከታትላ፣ የጨረሰችበትን ወረቀት እስከ ዓርብ እንድታመጣ አዘዛት። ካላመጣች መንጃ ፈቃዷ ይታገዳል። በዚህ የቴክሳስ ገጠር ደግሞ የማይነዳ ሰው እግር የለውም ማለት ነው። ፀጉር ሥራ የምትማርበት ከተማ ድረስ የሚሄድ አውቶቡስ የለም፤ ትምህርቷ ቀረ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ትምህርቱ ደግሞ አይቸኩልም፤ የተመደበለት ደቂቃ ካላለቀ ገጹ አይገለበጥም። ዴልሲ ለጎረቤት ሙሽራ ፀጉር ልትሠራ ቃል ገብታለችና አያቷን ተክታ ወጣች።

ኦርሊን አዳመጡ። ስለ መቀመጫ ቀበቶ ሲያወራ ዝም አሉት፤ ስለ ስልክ ሲያወራ «ይሄስ እውነቱን ነው» አሉት። የቀብር አጀብ ጋ ሲደርስ «መሀል አይግቡ» ብሎ አለፈ።

«በቃ? ከመንገድ ወጥተህ ትቆማለህ እንጂ። ባርኔጣህን አውልቀህ። ሟቹን ባታውቀውም። ማነው አንተን ያሳደገህ?»

ኮምፒውተሩ በመልስ ፈንታ ሌላ ጥያቄ አመጣ፦ ማንነትዎን ለማረጋገጥ፣ በጣም የሚወዱት ምግብ ምንድን ነው?

ደቂቃው እየቆጠረ ነው። ኦርሊን ያሳደጓትን ልጅ ሆድ ሳያውቁ ሊቀሩ ነው? በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ እየለቀሙ፣ «የአያቴ የኮክ ኬክ» ብለው ጻፉ። ገጹ ቀላ። ተሳስቶ ነው ብለው ያንኑ ደገሙለት። ተዘጋ፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩ አላቸው።

ዴልሲ ተመልሳ ስታየው እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አያቴ፣ እኔ ስመዘገብ የጻፍኩት ሱሺ ነው።»

«ጥሬ ዓሣ? ጥሬ ዓሣ ከእኔ ኬክ በለጠብሽ?»

«አሁን ጉዳዩ እሱ ነው?»

«ለእኔ እሱ ነው።»

«በቃ፣ ዳኛውን ኮምፒውተሩ ተበላሸ እንበለው።»

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው። የተበላሸነው እኔና አንቺ ነን። ተነሺ፣ እኔ እነዳለሁ።»

ዳኛ ሆሊስ ቢሮውን ሊዘጋ ሲል ደረሱበት። ኦርሊን አንድም ሳያስቀሩ፣ ዓሣውን ጨምረው ነገሩት። ዴልሲ መሬት መሬት አየች።

«እማማ ኦርሊን፣ በእሷ ቦታ መቀመጥዎ ራሱ ጥፋት ነው» አለ ሆሊስ። «አሁን መንጃ ፈቃዷን ማገድ አለብኝ።»

ኦርሊን ቦርሳቸውን በርብረው የራሳቸውን መንጃ ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የኔንም ጨምርበት። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለእሷ ግን ሳምንት ስጣት። ራሷ ትማረዋለች፤ እኔም ከኋላዋ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

«አልተነፍስም ስትል አይመኗት» አለች ዴልሲ፤ ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ትምህርቱን ግን ራሴ እጨርሰዋለሁ። ያን ቀን አጀቡን ቆሜ ማሳለፍ ነበረብኝ።»

ሆሊስ አገጩን አሻሸ። ከዴልሲ እጅም መንጃ ፈቃዷን ተቀበለና ሁለቱን ካርዶች መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው።

«አንድ ሳምንት። እስከዚያ ሁለታችሁም መሪ አትነኩም። ለመሆኑ አሁን ቤታችሁ በምን ልትገቡ ነው?»

«አንተ ታደርሰናለሃ» አሉ ኦርሊን፣ በሩን እየከፈቱ። «ተነስ። የፊተኛው ወንበር የኔ ነው፤ እንዳትሮጥ ደግሞ።»