ከራኬብ የተረፈ መጽሐፍ

1

ጥያቄ፦ በሥዕሉ ላይ የምታየው ምንድን ነው?

የሚልኪያስ መልስ፦ ጥቁር።

ትክክለኛው መልስ (ከመጽሐፉ ጀርባ)፦ ላም።

2

ልጁ አልተሳሳተም። ሥዕሉ ጥቁር ነው። ኮፒ ቤቱ ላሚቱንም፣ ጥጃዋንም፣ መስኩንም አንድ ላይ ደፍኖ አትሞታል። እናቱ ትርሲት ግን መልሱን ከጀርባ አየችና በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት። ሥዕሉን ያየችው ኤክሱን ካሰመረች በኋላ ነው።

“እማ፣ ላሟ የታለች?” አላት ሚልኪያስ።

“ዝም ብለህ ቀጥል።”

ወዲያው ራሷን ጠላች። ከዚያ መጽሐፉን ጠላች፤ ከዚያ ያተመላትን ሰውዬ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠላ ነገር ሞልቷል፤ ቶሎ የሚያቅለሸልሻችሁ አንባቢዎች ካላችሁ ከአሁኑ ተነሱ፣ አልቀየማችሁም።

3

ቅጽ

የተማሪ ስም፦ ሚልኪያስ ግሩም። ዕድሜ፦ ዘጠኝ። ሲነገረው ይገባዋል፤ የሰማውን አይረሳም። ወረቀት ላይ ያለ ፊደል ግን ዓይኑ ሥር እየተንሸራተተ ያመልጠዋል።

የተማሪ ስም፦ ኤፍራታ ግሩም። ዕድሜ፦ አሥራ አንድ። የሰጧትን መጽሐፍ በሳምንት ጨርሳ “ሌላስ?” ትላለች።

መምህርት፦ ትርሲት፣ እናታቸው። የማስተማር ልምድ፦ የለም። ንዴት፦ በሽ።

የትምህርት ቤቱ አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የቤታቸው በረንዳ።

4

በረንዳ ላይ ከመማራቸው በፊት፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ የተባለው እንደወረደ ይኸው፦

ርዕሰ መምህር፦ ወይዘሮ ትርሲት፣ እኛ ልጅዎን በጣም እንወደዋለን።

ትርሲት፦ እሺ።

ርዕሰ መምህር፦ ግን ለሌሎቹም ልጆች ማሰብ አለብን።

ትርሲት፦ ምን አደረጋቸው?

ርዕሰ መምህር፦ ኧረ ምንም አላደረጋቸውም። ያው… የክፍሉን አማካይ ውጤት ይጎትታል።

ትርሲት፦ ምኑን?

ርዕሰ መምህር፦ አማካዩን። ወላጆች ይጠይቁናል። ሦስተኛ ክፍልን ይድገም ወይ ደግሞ… እርስዎ ያውቃሉ።

እሷም ተነስታ ሁለቱንም ልጆች ይዛ ወጣች። ኤፍራታ ምን አጠፋች? ምንም። ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ግን ትርሲት ያን ቀን የዚያን ግቢ አየር አንዱም ልጇ እንዲተነፍሰው አልፈለገችም። ቆይታ ስታስበው ግን፣ አሁን ማን ያስተምራቸው?

5

አባትየው ግሩም የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነው። በወር አንዴ፣ ሲቀናው ሁለቴ ብቅ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በኋላ ስለምረሳው እዚሁ ልበለው። ነገሩን ሲሰማ፣

“እስከ ፋሲካ” አለ። “እስከ ፋሲካ አንድ ገጽ በራሱ እጅ ጽፎ ካሳየኝ እዚሁ ይቆያል። ካልሆነ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። እነሱ እንደሱ ዓይነቱን ያውቁበታል።”

“እንደሱ ዓይነቱን?”

“ትርሴ፣ ቃል አትሰንጥቂብኝ። እኔስ ደስ ብሎኝ ነው?”

አዳሪ ቤቱን በስልኳ አየችው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ተላጭተው፣ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰው ተደርድረዋል። አስተዳዳሪው ከኋላቸው ገልፍጦ ቆሟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ ወላጅ በሦስት ወር አንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል።

ቋቅ አላት። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

6

ትርሲት ያየቻቸው የቤት ትምህርቶች፣ ከነጉዳቸው

ሀ) ቴሌግራም ላይ የሚሸጠው “ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች የተዘጋጀ የተሟላ ጥቅል”። ሽፋኑ ላይ ቢራቢሮ አለ። ውስጡ የመዋዕለ ሕፃናት መጽሐፍ ነው፤ የተቀየረው ሽፋኑ ብቻ። ሁለተኛው ገጽ ላይ “በረዶ ሲጥል ምን ትለብሳለህ?” ብሎ ይጠይቃል። ድሬዳዋ! ሰው በግንቦት ቆዳውንም አውልቆ ቢሰቅለው ደስ የሚለው አገር። ድንቄም ልዩ ፍላጎት።

ለ) ከውጭ የመጣው። ለኤፍራታ ልክክ ይል ነበር። የዋጋውን ነገር ተዉት፤ ሻጯ ራሷ ስትናገረው አፍራ መሬት መሬት አየች።

ሐ) ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርደው። ላሚቱ ያለችበት።

መ) የአንዲት የትምህርት አማካሪ። “ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የተሰፋ” ትላለች። የላከችው ግን ለሁለቱም አንድ ወረቀት ነው፤ ስም ብቻ ቀይራለች። በወረቀቱ መሠረት ኤፍራታም ፊደል መለየት ይቸግራታል። ኤፍራታ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችና፣ “እማ፣ እቺ ሴትዮ ትማር” አለች።

ሠ) ያገለገለ።

7

[ተፍቋል]*

* እዚህ ላይ ስለ ርዕሰ መምህሩ አንድ ደግ ቃል ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነበው አንገሸገሸኝ።

8

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጠው ሙክታር፣ ልክ እንደ ድሬ ሰው፣ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

“አቦ ነይ አንቺ፣ ምን ልስጥሽ?”

“ለሁለት ልጆች ነው። አንዷ ትፈጥናለች፣ አንዱ ይዘገያል።”

“በቃ ከአንድ ቤት የወጣ ልስጥሽ። ለሷ የአምስተኛን፣ ለሱ የሦስተኛን የመልመጃ መጽሐፍ። የሀብታም ልጅ ናት የተማረችበት። አንድ ገጽ አልተቀደደም፣ ወላሂ!”

“ተጽፎበታል እኮ።”

“በእርሳስ ነው አቦ! ላጲስ የሚባል ነገር አልሰማሽም?”

ትርሲት ሳቀች። በዚያ ሰሞን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። መጻሕፍቱን ታቅፋ ሄደች። በሁሉም ላይ አንድ ስም ነበረ፤ የተጠጋጋ፣ የተኩራራ የእጅ ጽሑፍ።

ራኬብ ፍሥሐ።

9

ራኬብ ያልመለሰችው ጥያቄ የለም። በየገጹ ጥግ ላይ የወርቅ ኮከብ ተለጥፎላታል። ኮከቡ በጥፍር አይላቀቅም፤ በውኃም አይላቀቅም። ትርሲት የአምስተኛውን፣ ኤፍራታ የወንድሟን የሦስተኛውን ይዘው ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ይፍቃሉ። የላጲሱ ትራፊ ከላብ ጋር ተለውሶ ክንዳቸው ላይ እንደ ትል ይንከባለላል። ትርሲት አይታት የማታውቃትን ልጅ ጠመደቻት። “እቺ ደግሞ አንድም ቀን አትሳሳትም?” ትላለች።

ራኬብ።

ራኬብ።

ኤጭ።

10

የካቲት ላይ ሚልኪያስ በተፋቀው መጽሐፉ ላይ መጻፍ ጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ቃል። ከዚያ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ሦስት መስመር፤ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ። ትርሲት አጠገቡ ቆማ ማየት ፈራች፤ ካየችው የሚቆም መሰላት። ወጥ እያማሰለች በመስኮት ታየዋለች። ሲጨርስ መጽሐፉን ያመጣላታል፤ እሷም በቀዩ ራይት ታደርግና ከሥሩ “ጎበዝ!” ትላለች። ለግሩም ደወለች።

“ይጽፋል እኮ ነው የምልህ!”

“እስቲ ማይልኝ።”

“በመሐላ አይደለም፣ መጥተህ ታየዋለህ።”

ራኬብንም ይቅር አለቻት። የሠራ ትምህርት ከየትም ይምጣ አለች። ይህንን ሁሉ የምነግራችሁ ደስታዋ እውነተኛ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ቀጥሎ ያለውን ስታነቡት እጃችሁን መታጠብ ያምራችኋል።

11

መመሪያ። አንቺም እናት ከሆንሽ ተከተይው።

ቀኑ ስቅለት ይሁን። ባልሽ ነገ ይመጣል። የልጅሽን መጽሐፍ አውጪና ለባልሽ የምታሳዪውን፣ ከሁሉም ረጅሙን ገጽ ፈልጊ። አገኘሽው? ከሥሩ በራስሽ እጅ “ጎበዝ!” የሚል አለ። አሁን ወደ መስኮቱ አዘንብለሽ ያዢው፤ ብርሃኑ ከጎን ይምታው። ከልጅሽ ፊደል ሥር ሌላ ፊደል ይታይሻል፤ ወረቀቱ ላይ የጎደጎደ፣ የተጠጋጋ፣ የተኩራራ።

አሁን የመጨረሻው መመሪያ፦ አንብቢው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

12

ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ገጽ ጻፉ።

“አባቴ ዶክተር ፍሥሐ ይባላል። ጥርስ ያክማል። እናቴ ባንክ ትሠራለች። እህትም ወንድምም የለኝም። ውሻችን ቦቢ ይባላል። ክረምት ላይ በአውሮፕላን እንሄዳለን። እኔ ሳድግ እንደ አባቴ እሆናለሁ።”

ጎበዝ!

13

ትርሲት፦ የሱን መጽሐፍ የፋቅሽው አንቺ ነሽ አይደል?

ኤፍራታ፦ አዎ።

ትርሲት፦ አልጠፋም።

ኤፍራታ፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ አውቃለሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ኤፍራታ፦ ለስለስ አድርጌ ነው የፋቅኩት። ምልክቱ እንዲቀርለት።

ትርሲት፦ ለምን?

ኤፍራታ፦ አባዬ ስለ ፋሲካ ያለውን ሰምቼ ነዋ።

ትርሲት፦ ሚልኪያስስ ምን እንደሚጽፍ ያውቃል?

ኤፍራታ፦ አያውቅም። መስመሩን ተከተል አልኩት፣ ተከተለ። እማ፣ በጣም ነው የደከመው እኮ። እጁ ያብጥ ነበር።

ትርሲት፦ እና ዶክተር ፍሥሐን ስታዪ ዝም አልሽ?

ኤፍራታ፦ አንቺ ታርሚዋለሽ ብዬ ነዋ። ታነቢዋለሽ ብዬ። ከዚያ “ጎበዝ” ስትይው… እኔ ምን ልበል?

14

ሌሎቹን ገጾች ሁሉ አነበበቻቸው። ሃያ ስምንት ገጽ። ልጇ መኪና አጣቢ ቀጥሯል፤ ፒያኖ ይለማመዳል፤ አያቱ ሎንዶን ናቸው። በሃያ ስምንቱም ላይ የሷ ቀይ አለበት። ርዕሰ መምህሩ ልጁን ሳያይ አማካዩን አየ ብላ ስድስት ወር ሙሉ ስታንቋሽሸው ኖራለች። እሷ ያየችው ምኑን ነበር? ገጹ መሙላቱን። አንገሸገሻት፤ ከቴሌግራሙ ሻጭም፣ ከገልፋጣው አስተዳዳሪም ይልቅ የራሷ እጅ ጽሑፍ አንገሸገሻት።

አሁንም ማምለጫ አለ። ግሩም ደስ ሊለው ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ጠጋ ብሎ አያይም። ስለ ዝሆን ብቻ የሚያወራ፣ ዶክተር ፍሥሐ የሌለበት ገጽ መርጣ ብታሳየው ልጇ እቤቱ ያድራል። ያን ማድረግ ነበረባት የምትሉ አላችሁ፤ እኔም አንዳንድ ቀን ከናንተ ጋር ነኝ። ግን ገጹን መርጣ፣ አውጥታ፣ ሚልኪያስ መጥቶ “እማ፣ እዚህ ላይ ምንድን ነው የጻፍኩት?” ሲላት፣ መጽሐፉን ዘጋችው።

15

“ና ተቀመጥ” አለችው። “ስለ አባትህ ንገረኝ። አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ።”

“የተናገርኩትን ሁሉ?”

“አንድ ቃል አልዘልም።”

“አባቴ ግሩም ይባላል። መጀመሪያ መኪናው ይሰማል፣ እሱ በኋላ ይመጣል። እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እማ ታጠብ ትለዋለች፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ለኤፍራታ መጽሐፍ ያመጣል፣ ለእኔ ተምር ያመጣል። ተምሩ ይጣፍጣል። ስለ እኔ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ ሲያደርግ የበለጠ ይሰማኛል። ፋሲካ ሲያልፍ አዲስ አበባ እገባለሁ። እዚያ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚጠይቁኝ። ሦስት ወር ስንት ቀን ነው ብዬ ኤፍራታን ጠየቅኳት፣ ዘጠና አለችኝ። እስከ ዘጠና መቁጠር እችላለሁ። እማ፣ ይሄኛውን አትጻፊው፣ ትንሽ እፈራለሁ።”

አልዘለለችም። “እማ፣ ይሄኛውን አትጻፊው” የሚለውንም ጻፈችው።

16

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተሳቢው መንገዱ ዳር ቆመ። ግሩም ገባ፤ ልጆቹን ሳመ፤ ውኃ ጠጣ። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአዳሪ ቤቱ ቅጽ ነው። ከስም ጀምሮ ሁሉም ተሞልቷል፤ የቀረው የወላጆች ፊርማ ነው።

“እሺ፣ የታለ ገጹ?” አለ። ድምፁ ውስጥ ጉጉት ነበረ።

ትርሲት ከመጽሐፉና ከነጠላው ወረቀት ነጠላውን አንስታ ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። ቁጭ ብሎ እንደገና አነበበ። የናፍጣውን ቦታ ሲያልፍ እጁን አየ። አሥራ ሦስት ዓመት አብሯት ኖሯል፤ የማንን እጅ ጽሑፍ እንደያዘ አይጠፋውም።

ግሩም፦ ትርሴ፣ ይሄን ማነው የጻፈው?

ሚልኪያስ እናቱን አየ። ኤፍራታ እናቷን አየች።

ትርሲት፦ የተናገረው እሱ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።