ጀግኖቹ ሲሰናበቱ ያሉት

ሁለቱ ወንድሞቼ በጦርነቱ ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መንግሥት ትዝ አልነው። ደግነቱ አያልቅም! አንድ ወጣት የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ልብስ የምሰፋበት ሱቅ ድረስ መጣ። የጀግኖች መጽሐፍ ሊታተም ነው አለን። እናቴ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል ነበርና ቀና ብላም አላየችው።

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። ታላቄ ቀጮ፣ የቧንቧ ሠራተኛ። ታናሼ ድምቡሼ፣ ዳቦ ጋጋሪ። እስከዚህ በሰላም ሄድን። ቀጥሎ «ጀግናው ሲሰናበት የተናገረው የመጨረሻ ቃል» የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ መጣ። ለዕድሜያቸው የተተወው ቦታ ግን ለሁለት ቁጥር እንኳ በቅጡ አይበቃም።

«ቀጮ ምን አለ?» ጸሐፊው እስክሪብቶውን ደገነ።

«‹ካልሲዬን ማነው ያደረገው?› አለ» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ማለቴ... ሲሸኙት። የመጨረሻውን።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። የጦር መኪናው ውጪ ጡሩንባ ይነፋል፣ እሱ አልጋ ሥር ገብቶ ካልሲ ይፈልጋል።»

«እሺ፣ ድምቡሼስ?»

«‹እኔ አይደለሁም› አለ። ውሸቱን ነው፤ እግሩ ላይ አይቼዋለሁ።»

ጸሐፊው ላቡን ጠረገ። «ይኼ እኮ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥ፣ ትውልድ የሚያነበው ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አልተናገሩም?»

«ልጄ፣ አንተ ዛሬ ከቤት ስትወጣ እናትህን ምን አልካት?»

አሰበ። «‹ዣንጥላዬን አቀብዪኝ› ነው መሰለኝ።»

«አየህ! የማይመለስ መሆኑን ማን ነግሮት ነው ንግግር የሚያዘጋጀው? ያልኩህን ጻፍ።»

ጻፈ። እናቴም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት።

ከአራት ወር በኋላ አዳራሽ ተጠራን። መድረኩ ላይ ባለሥልጣናቱ ለስላሳ ወንበር ላይ፣ እኛ ቤተሰቦቹ ከታች አግዳሚ ላይ ነን፤ መቼም ልጅ የሰጠ ሰው ወገቡ ጠንካራ ነው። መጽሐፉ ታደለ። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ወንድሞቼን አገኘኋቸውና ለእናቴ በሹክሹክታ አነበብኩላት። ቀጮ፦ «እኔ ብወድቅም ሰንደቁ አይወድቅም!» ድምቡሼ፦ «እኔ ብወድቅም ሰንደቁ አይወድቅም!»

«ማን አለ?»

«ቀጮ።»

«ቀጮ እንዲህ ያለ ነገር ቢወጣው እንኳን ጦር ሜዳ ልሸኘው፣ ሐኪም ቤት ነበር የምወስደው።»

ገጹን ገለጥኩ። ቀጣዩም ጀግና ሰንደቁ አይወድቅም ብሏል። የሚቀጥለውም። አርባ ሁለት ሰው፣ አንድ አፍ!

አጠገባችን የተቀመጠች አትክልት ነጋዴ ጠጋ አለች። «የእናንተም ሰንደቅ አለው?»

«ሁለት አለን» አለች እናቴ። «ያንቺው ልጅ በእውነቱ ምን ብሎ ወጣ?»

ሴትዮዋ ወደ መድረኩ ሰረቅ አድርጋ አየች። «‹በሩን ዝጊው፣ ድመቷ ትወጣለች።›»

ከኋላችን ያሉ ጡረተኛ ሾፌር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔው ‹አባዬ፣ ሸሚዝህን ስመጣ እመልስልሃለሁ› ነው ያለኝ። ሸሚዜም እዚያው ቀረ።»

አትክልት ነጋዴዋ በመጽሐፉ አፏን ሸፍና ሳቀች። ወሬው ከአግዳሚ አግዳሚ ተሻገረ፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው እንባውን ይጠርጋል። መድረኩ ላይ ንግግር ያደርግ የነበረው ባለሥልጣን ንግግሩን አቋረጠ። የዝግጅቱ አስተናባሪ እየሮጠ መጣ።

«እናቶች! ለጀግኖቹ ክብር ስጡ እንጂ!»

«እኛማ እየሰጠን ነው» አለች እናቴ። «እናንተ ናችሁ ያቋረጣችሁን።»

ስንወጣ ጸሐፊው በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀን። «እማማ፣ እኔ እንዳሉኝ ነው የጻፍኩት። ወደ ላይ ሲወጣ ነው የተቀየረው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ወደ ላይ የወጣ ምን ያልተቀየረ አለ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቤታችን ስማቸው የሚነሳው በሙት ዓመታቸው ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን እናቴ መንገዱን ሁሉ ስታወራልኝ ሄደች። ድምቡሼ ከዳቦ ቤቱ ሦስት ጊዜ የተባረረው ለደንበኛ ከሚሸጠው የሚበላው በልጦ መሆኑን፣ ቀጮ የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ ጠግኖ የኛን ሲያንጠባጥብ መተዉን። እየሳቀች ነበር የምታወራው። ደጃችን ስንደርስ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች፤ መክፈት ግን አቃታት። በሩን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም ጎኗ ቆሜ፣ ሳላስቸኩላት ጠበቅኳት።