የሞተር ክፍሉ በር

ሰፈሩ ሁሉ ወረንጦ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሁልጊዜ ከእጁ ከማትጠፋው ወረንጦ ይሁን ከራሱ ቅጥነት በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት በጭነት መርከብ ላይ አናጢ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እሱ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስጠግቶ የሠራባትን መርከብ በክንድ ርዝመት እንደገና ይሠራ ጀመር።

«አባዬ፣ ትልቋ እንኳ ይህን ያህል ጊዜ አልፈጀችም» ትለዋለች ልጁ፣ ከመጋዝ ብናኙ መሃል ለቁርሱ ቦታ እየፈለገች።

«ትልቋን ብዙ ሰው ነው የሠራት» ይላል ቀና ሳይል።

እውነት ለመናገር፣ ያያት ሁሉ አፉን ይዞ ነበር የሚቀረው። ዙሪያዋን የከበባት መከለያ ከስልክ ሽቦ የተፈለቀቀ መዳብ ነው። የነፍስ አድን ጎማዎቹ የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ልጁ የተበጠሰ ሐብሏን አንድ ወር ስትፈልግ ከርማ መልህቁ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው፤ ተናደደች፣ ግን ሲያምር አየችና ተወችው። ወደ ታች የሚወስደው መሰላል ሦስተኛ ደረጃው ጎበጥ ያለ ነው። ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ሣጥን ወድቆበት የጎበጠው ሦስተኛው ደረጃ ነበር። የላይኛውን ወለል እንደ ድስት ክዳን ብድግ ሲያደርጉት ደግሞ የሞተር ክፍሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መርከቧን ያዘዘችው ልብስ ሰፊዋ ነች። ባሏ በዚያች መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ማዕበል መትቷት የኋላ ክፍሏ ውሃ ሲሞላ፣ ከአሥራ አምስቱ ሰዎች አሥራ አራቱ ተረፉ። ያልተረፈው እሱ ብቻ ነው። መርዶውን ይዞ በሯ ላይ የቆመው ወረንጦ ነበር።

«ውሃው ድንገት ነው የወሰደው፤ ሳያውቀው ነው ያለቀው» አላት።

ከዓመታት በኋላ መርከቧ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጧን ስትሰማ መጣች። «ጋሼ፣ የሚሠራበትን ቦታ አንድ ቀን እንኳ ሳላየው ቀረሁ። ትሠራልኛለህ?» አለችው። እምቢ ማለት በምን አፉ? እሺ አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ቆየች። ያምራል ብላ የምትሄድ ዓይነት አልነበረችም። ጎንበስ ብላ ቋጠሮው ከየት እንደሚጀምር ትጠይቃለች። አንድ ቀን ከመቶ ገመድ መሃል አንዱን በጣቷ አሳየችው። «ይሄኛው ወደ ግራ ነው የተገመደው። ሌሎቹ ወደ ቀኝ ናቸው» አለች። እውነቷን ነበር። ወረንጦ ፈትቶ እንደገና ገመደው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው በማግኘቱ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ያው ዓይን አስፈራው።

ጣጣው የመጣው በበሩ ነው። የሞተር ክፍሉን የብረት በር ቀለም ብቻ ቀብቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ማንም ምን አደረግክ አይለውም። ግን ወረንጦ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንለትም። ማጠፊያ አበጀለት። ከስፒል መቀርቀሪያ ሠርቶ ወዲያና ወዲህ እንዲል አደረገው፤ እንደ እውነተኛው መቀርቀሪያውን ከውጭ በኩል ገጠመው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ተወው። በሩ ክፍት ከሆነ ውሃው ድንገት ገብቶ ወሰደው ማለት ነዋ። ለልብስ ሰፊዋ የነገራት እንዲያ ነው።

ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ በሩ ተዘግቷል። ንፋስ ነው ብሎ መስኮቱን ዘጋ፤ በሩንም ከፈተው። በማግሥቱ ከቀትር በፊት ለአንድ ጉዳይ ወጣ ብሎ ሲመጣ አሁንም ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን በማጣበቂያ ጠብታ ክፍቱን አጣበቀው። ሲመለስ ማጣበቂያው ተሰነጣጥቆ ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ በሩ ተዘግቷል፣ መቀርቀሪያውም ገብቷል። ወረንጦ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ንፋስ በር ይዘጋ ይሆናል፤ መቀርቀሪያ ግን አይቀረቅርም።

«ይቺን መርከብ ነክተሻታል እንዴ?» አላት ልጁን።

«እኔ? መጥረጊያ ይዤ ባጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር እየጮህክብኝ?»

ያስፈራው በሩ መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። የተዘጋው በር ልክ ነው። ያን ቀን የዘጋው ራሱ ወረንጦ ነበር።

ውሃው ከኋላ ሲመጣ ካፒቴኑ «ዝጋው!» ብሎ ጮኸ። ለበሩ የቀረበው እሱ ነበር። መካኒኩ ግን ታች ፓምፑ ላይ ነው። ወረንጦ «ውጣ!» ብሎ ተጣራ፤ ጠበቀ። ምን ያህል እንደጠበቀ ዛሬም አያውቅም። ከዚያ ዘጋና ቀረቀረው። ወዲያው መካኒኩ ከውስጥ በመፍቻ ብረቱን አንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ። ጎረቤት በር ላይ እንደቆመ ሰው፣ ያለ ጥድፊያ። ከዚያ በኋላ አልተሰማም። መርማሪዎቹ «ሰውዬው በሩ ከመዘጋቱ በፊት በውሃ ተወስዷል» ብለው ጻፉ፤ ወረንጦም ፈረመ። ሁሉም ደግ አደረግክ አሉት። ማንኳኳቱን የሰማ ግን እሱ ብቻ ነው።

መርከቧ አለቀች። ልብስ ሰፊዋ ልትወስዳት በጨርቅ የተለበጠ ሣጥን ይዛ መጣች። ወረንጦ ኮቴዋን ደረጃው ላይ ሲሰማ መቀርቀሪያውን በወረንጦው ስቦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ከዚያ ሄዶ የቤቱን በር ከፈተላት።

ማጉያ መነጽሩን ተቀብላ ጎንበስ አለች። መቸኮል የሚባል ነገር የለም። መከለያውን አየች፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ አየች፣ የጎበጠችው ደረጃ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። የላይኛውን ወለል አነሳች። ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ፣ እሷ ካመጣችው ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋች ጥፍር የምታህል ኮፍያ ተሰቅላለች።

«እንዲህ ዘንበል አድርጎ ነበር የሚሰቅላት» አለች እየሳቀች። «ቤትም እንዲሁ ነበር። አስተካክለህ ስቀል ብለው፣ ብለው…»

ሳቋ ቆመ። መነጽሩን ጠጋ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሄ በር ለምን ከውጭ ተቀረቀረ?»

ወረንጦ ቀረብ ብሎ አየ። ተዘግቷል። ገና አሁን፣ በገዛ እጁ የከፈተው በር። ንፋስ ነው ሊል ከንፈሩን አላቀቀ። ወደ ግራ የተገመደውን ገመድ ያየች ሴት ፊት ግን መዋሸቱን ተወው።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለ።

«አሁን?»

«ያኔ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገራት፤ ካፒቴኑን፣ ፓምፑን፣ ፊርማውን። ዓይኗን ከመርከቧ ሳታነሳ ሰማችው።

«አንኳኳ?» አለች በመጨረሻ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ጮኸ?»

«አልጮኸም።»

«ብትከፍተውስ ኖሮ?»

«ሁላችንም እናልቅ ነበር።»

«እሱ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ከሁላችን በላይ ያውቅ ነበር፣ እቴ።»

የሣጥኑን ጨርቅ አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ መልሳ አጠፈችው። «ሳያውቀው ነው የሞተው እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት» አለች። ወረንጦ ይቅርታ ማለት ፈለገ፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አልበቃ አለው።

ልብስ ሰፊዋ ከልብሷ ኮሌታ መርፌ መዘዘች። እጇ ንቅንቅ ሳይል በመርፌዋ ጫፍ መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ከፈተችው። ኮፍያዋን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ባዶውን ሣጥን ከደነች።

«አልወስዳትም። እዚሁ አንተ ጋ ትሁን» አለች። «ጠዋት ጠዋት ክፈትለት።»

«ተመልሶ ሲዘጋስ?»

«ትከፍትለታለህ።»

መርፌዋን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰክታ ወጣች። ኮቴዋ ደረጃው አጋማሽ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ወረንጦ ተመልሳ የምትመጣ መስሎት ወደ በሩ ሄደ። ኮቴዋ ወደ ታች ወረደ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተዘግቶ፣ መቀርቀሪያው ገብቶ ነበር። ልጁ ቁርስ ይዛ ስትገባ አባቷ መርፌ ይዞ አጎንብሷል። መርፌዋን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደ። ሁለቴ ሳተው። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ወጣ፣ በሩ ተከፈተ።

«ደህና አደርክ» አለ ወረንጦ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜም መካኒኩን በስሙ ጠራው።