ቀዩ መስመር

«ይሄ ቀዩ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ ኃላፊው፣ የግራፉን ወረቀት ከማተሚያው አፍ መንጭቆ።

መቶኛ ከወንበሯ ሳትነሳ ዓይኖቿን አሸች። ይህን ስም ባልደረቦቿ ያወጡላት ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ነው፤ ቤተሰቧም ወዲያው ተቀብሎታል። ከተመረመረው ሰው በመቶ ስንቱ እንደተያዘ በየቀኑ የምታሰላው፣ ወደፊትም ስንት እንደሚሆን የምትተነብየው እሷ ናት።

«ከዚያው ከመረጃችን ነው፣ አለቃ። ሰማያዊው ተመርማሪው በሙሉ ነው። ቀዩ አሞኛል ብለው የመጡት ብቻ ናቸው።»

«ሰማያዊው ወርዷል።»

«ወርዷል።»

«ታዲያ ራሱ የወረደውን ነገር ምን ቆርጦሽ መልሰሽ ትሰቅዪዋለሽ?»

አስረዳችው። ጉዞ ከተፈቀደ ወዲህ የምርመራ ወረቀት ያልያዘ አይሳፈርም። ስለዚህ ምንም ያላመመው ሰው ሻንጣውን እየጎተተ መጥቶ ናሙና ይሰጣል፤ እሱም ትኩሳት አንዘፍዝፎት ከመጣው ጋር በአንድ ቋት ይቆጠራል።

«ሻይ ላይ ውሃ ጨምሮ ስኳሩ ቀነሰ እንደማለት ነው።»

«ቀነሰ አይደል እንዴ?»

«ቀጠነ እንጂ፣ ስኳሩማ የት ይሄዳል?»

ኃላፊው ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ከላይ እየተደወለለት ጆሮው የጋለ ሰው ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመቶ ከአሥር በታች ከዋለ፣ የተዘጋው ሱቅ ሁሉ ይከፈታል። ሁለቱ ሳምንት ዛሬ ይሞላል።

«ስሚኝ ልጄ። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ነፍሱ ወጥታለች። ሁለት መስመር ብታሳዪው ሁለቱንም አያምንም። አንድ ነገር ንገሪው። ሰማያዊውን ብቻ አድርገሽ ከዜናው በፊት ላኪልኝ። ደግሞ አትጨነቂ፣ የሚወጣው በክፍሉ ስም ነው።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ የደዋዩን ቁጥር እየጫረ ወጣ።

መቶኛ በሩን ትኩር ብላ አየችው። ያንን መስመር ለማውጣት ስንት ቀን ስትለፋ ከርማለች! ቅጹ ላይ ተመርማሪው ለምን እንደመጣ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ የሚሞላው ሰው ግን የለም። ቤተ ሙከራ ብትደውል፣ «እህቴ፣ ናሙናው አናታችን ላይ ወጥቷል፣ አንቺ ለምን መጣ ትያለሽ!» ብለው ዘጉባት። ቢቸግራት ለተጓዦች የተመደቡትን መመርመሪያ ጣቢያዎች ለይታ አወጣች። የእነሱን ስትቀንስ ሰማያዊው ዘጠኝ ባለበት ቀን ቀዩ ሠላሳን አለፈ። የምትተነብይበት የስሌት ሞዴሏም በመጪዎቹ ሳምንታት ከዚያም እንደሚብስ ነገራት።

ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ቀዩ መስመር ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደዳት።

ልትልክ ስትል ወንድሟ ደወለ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ፀጉር ቤቱ ከተዘጋ ወራት ተቆጥረዋል።

«መቶኛዬ! ነገ እንከፍታለን አሉ!»

«ማን አለ?»

«ሰፈሩ ነዋ! የሰው ራስ ጫካ ሆኗል እኮ፤ ለእኔ ከመቀስ መጥረቢያ ይሻለኛል። አባባማ ከአሁኑ ሸሚዛቸውን አስተኩሰዋል። በሩ አጠገብ የነበረችውን ወንበራቸውን አንተ ወንበዴ ሸጠሃት እንዳይሆን እያሉ ያፋጥጡኛል።»

አባታቸው የሚኖሩት ከወንድሟ ጋር ነው። ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ቀልድ ሲጀምሩ እንኳ መሃል ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ፀጉር ቤቱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ግን ከዚያች ወንበር የሚያነሳቸው አልነበረም። ደንበኛ ሁሉ ጉልበታቸውን ሳይስም፣ ሳያዋራቸው አያልፍም።

«አባባን ነገ እኔ ጋ አምጣቸው» አለች፣ ሳታስበው።

«ለምን?»

«በቃ፣ እኔ ጋ ይሰንብቱ። እዚያ ፀጉር ቤት ውስጥ እንዳይቀመጡ።»



«ቆይ፣ ቁጥሩ ወርዷል ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«ወርዷል፣ ግን…»

«ግኑን ለዘመድ ብቻ ነው የምትናገሪው? የማስተካክለውም ሰው አባት አለው እኮ! ክፈት ካልሽ እከፍታለሁ። አትክፈት ካልሽም ኪራዩ አንቆኝ እቀመጣለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ብቻ ለእኔና ለሰዉ የተለያየ ነገር አትንገሪ።»

«መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

ከኮሪደሩ የኃላፊው ድምፅ ይሰማል፤ «አዎ ጌታዬ፣ እየተላከ ነው፣ አሁን ይደርስዎታል» ይላል። ሰማያዊው መስመር ከፊቷ ብቻውን ተንጋሏል፤ ሲያዩት ደስ ይላል።

ቀዩን መለሰችው። ከሥሩም ማን ከማን እንደተለየ በሁለት ዓረፍተ ነገር አብራራች። ግልባጩ ከጠዋት ጀምሮ ለኃላፊው ለሚደውሉት የበላዮችም እንዲደርስ አድራሻቸውን ጨመረች። ከመላኳ በፊት አንድ ነገር ቀራት። ግርጌው ላይ የነበረውን የክፍሉን ስም አጥፍታ የራሷን ስም ጻፈች፤ ቀጥላም፣ ሳትቸኩል፣ የአባቷን።