ከአንድ የምትጀምረው ማስመሪያ

የስፌት ክፍሌን ሊወስዱብኝ የተነሡት በመልካም ፊትና በለዘበ አንደበት ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ የሆነው የበኩር ልጄ፣ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ከቤት ሆኖ እንዲሠራ በፈቀደለት ሰሞን፣ ከምሳ በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገና «እማዬ፣ ዓይንዎ እየደከመ ነው፤ እጅዎም እንደ ድሮው አይደለም። ያ ክፍል ደግሞ ብርሃን አለው፤ ለቢሮ ይሆነኝ ነበር» አለኝ። በቤታችን እናት «አንቺ» አትባልም፤ ንብረቷ ሲወሰድባትም ቢሆን በማዕርጓ ነው።

«የስፌት መኪናዬስ የት ልትገባ ነው?»

«ኮሪደሩ ላይ ጥሩ ቦታ አለ።»

«ኮሪደር ላይ የሚቆመው ጃንጥላ ነው» አልኩት።

ክፍሉ ሰፊ አይደለም። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ በየቀለማቸው በጠርሙስ የተሞሉ የልብስ ቁልፎችና እንደ መጻሕፍት ታጥፈው መደርደሪያ ላይ የተሰለፉ ቁርጥራጭ ጨርቆች አሉበት። ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ቤት የመራሁ ሴት ነኝ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ወይዘሮ ቀጥ» እያሉ ይጠሩኝ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ወገቤን ቀጥ አድርጌ መሄዴ እውነት ስለ ነበር አልተቀየምኳቸውም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀረልኝ ግዛት ይህ ክፍል ነው። እሱን አስረክቤ ሳሎን ጥግ ላይ እንደ አሮጌ ሬዲዮ አልቀመጥም።

«እንግዲህ ስማኝ» አልኩት። «በሰፈሩ አዳራሽ የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ሊከፈት ነው። ሥራዬ በዋናው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ክፍሉ የእኔ ነው፤ ጥያቄውም ዳግመኛ አይነሣም። ካልተሰቀለ ጠረጴዛህን ራሴ ተሸክሜ አስገባልሃለሁ።»

የሟቹ ባለቤቴ እህት ከእኛው ጋር ትኖራለች። ከሰው ሥራ ላይ ጉድለት መዝዞ ማውጣት ስለምትችልበት የቤቱ ሰው ሁሉ ወረንጦ ይላታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «እኔ ምስክር ነኝ! ዲሬክተሯ ስትሸነፍ ሳላይ ብሞት ይቆጨኝ ነበር» አለች።

«ምስክር ብቻ አትሆኚም፤ ትሰፊያለሽ» አልኳት።

ያሰብኩት ትልቅ አልጋ ልብስ ነበር፤ ከካሬ ካሬ ጨርቅ የሚገጣጠም፣ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ አንድ በር የተሰፋበት። የቤተሰቡ አባል ሁሉ በሕይወቱ ያልረሳውን በር ይሰፋል። አውቶቡስ ነጂ የሆነው ታናሹ ልጄ የአውቶቡሱን ታጣፊ በር መረጠ። ወረንጦ በወጣትነቷ የሠራችበትን ዳቦ ቤት በር ሰፋች፤ ደረጃው ላይ ድመት ጨመረች፤ ድመቷ ግን በግ መሰለች። «በግም ዳቦ ይወዳል» ብላ ዘጋችን። እኔ የትምህርት ቤቱን የብረት በር ያዝኩ፣ ከዚያም የሟቹን ባለቤቴን የሰዓት መጠገኛ ሱቅ በር፣ ከዚያም ሌሎችን። የታናሹ ልጄ ሚስት፣ ገና የተቀላቀለችን ምራቴ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ መቀስ ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ድምፅዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እሷ የመረጠችው የዚህኑ የቤታችንን በር ነበር፤ ሁላችንም ብንሆን ከውስጥ እንሰፋው የነበረውን እሷ ከመንገድ ሆኖ እንደሚያየው ሰው አድርጋ ሰፋችው። አይቼ ወደ ራሴ ካሬ ተመለስኩ።

የበኩር ልጄ «ጊዜ የለኝም» አለ። አልተለማመጥኩትም። «የአንተን ካሬ ባዶውን እሰቅለዋለሁ። የማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ በስምህ እነግረዋለሁ» ብዬ አለፍኩ።

ሥራውን የተከፋፈልነው ገና በሮቹ መሰፋት ሳይጀምሩ ነበር። የካሬዎቹን መደብ፣ ነጣ ነጣ ያለውን እኔ፣ ጠቆር ያለውን ምራቴ እንድንቆርጥ ሆነ፤ ሲገጣጠሙ አንዱ ነጣ አንዱ ጠቆር እያለ እንዲሄድ። የካሬው ጎን ሠላሳ ሳንቲሜትር ነው አልኳት። «እሺ፣ እትዬ» አለችና ከምስማሩ ላይ የእንጨት ማስመሪያዬን አወረደች። ለሥራ የወጣችበትን ሰዓት ሁሉ እያካካሰች፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ የራሷን ድርሻ ከእኔ ቀድማ ጨረሰች። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴን ግን አልነገርኳትም፤ ምስጋና ቶሎ የሚሰጥ አለቃ አልነበርኩም።

በሮቹ ሁሉ በየካሬያቸው ተሰፍተው አለቁና የመጀመሪያውን ረድፍ ገጣጥሜ ከሁለተኛው ጋር አጋጠምኩ። ማእዘኖቹ አልገጠሙም። ፈታሁት፤ በካውያ ተኮስኩት፤ እንደገና በእስፒል ያዝኩት፤ አሁንም አንዱ ካሬ ሲሳብ ሌላው ይኮማተራል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ብርሃኑ እንደ ልብ ነው። ዓይኔ ነው አልኩ በልቤ፤ ልጄ ልክ ነበር፤ ጠረጴዛውን ይዤ የምገባው እኔው ነኝ።

ወረንጦ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ምነው ዲሬክተር? ረድፉ ሰልፍ አልይዝ አለሽ?»

«ዝም በይ፣ እየለካሁ ነው።»

ማስመሪያዬን አንሥቼ ካሬዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ነጣ ያሉት ሁሉ ሠላሳ ናቸው። ጠቆር ያሉት፣ አንድም ሳይቀር፣ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ያንሳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ማስመሪያዋ መናገር ይገባል። ከማስተማር ዘመኔ ጀምሮ አብራኝ ያለች ናት። የበኩር ልጄ ጥርስ ሲያወጣ ድዱን ሲያሳክከው ጫፏን አኝኮ ከዜሮ እስከ አንድ ያለውን በላው፤ ቀሪው ተሞርዶ ተስተካከለና ማስመሪያዋ ከአንድ የምትጀምር ሆነች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሠላሳ የሚፈልግ ሰው ሠላሳ አንድ ላይ ያሰምራል። የትምህርት ቤት ደብተር ያሰመሩት፣ መጋረጃ የለኩት ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረጉት፤ ማንም ለማንም አስተምሮ አያውቅም፤ እንደ መተንፈስ ነው። ምራቴ ግን የእንጨቱን ጫፍ ከጨርቁ ጫፍ ገጥማ ሠላሳ የሚለው ላይ ቆረጠች። ሌላ ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን አደረገች።

ምራቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርናት። ማስመሪያዋን ገልበጥ አድርጋ አየቻት፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «እትዬ፣ ሁሉንም እኔ ከፍዬ… ሌላ ጨርቅ ልግዛና እንደገና…» ብላ መጨረስ አቃታት።

«በሮቹ ላዩ ላይ ተሰፍተዋል እኮ» አለች ወረንጦ። «የእኔን በግ ማን ነው እንደገና የሚሰፋው?»

«ድመት ነው ስትዪ አልነበር?» አለ ታናሹ ልጄ።

«ዛሬ በግ ነው!»

«ትልልቆቹን ብንከረክማቸውስ?» አለ እሱ ሚስቱን ለማዳን።

«ተከርክመው የት ሊደርሱ! የአውቶቡስህ ጎማ እኮ ዳር ድረስ ነው፤ ጎማ የሌለው አውቶቡስ ልትነዳ ነው?» አልኩት።

ያኔ ምራቴ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና «መቃን የላቸውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በሮቹ፣ እትዬ። በር ያለ መቃን አይቆምም። በትንንሾቹ ዙሪያ ጠርዛቸው ላይ ተደርቦ ትንሽ ወደ ውጭ የሚያልፍ ቀጭን ጨርቅ ብናዞርበት… የጎደለውን ይሞላል፤ መቃንም ይሆናል።»

አንዱን ጠቆር ያለ ካሬ አንሥቼ ጠርዙን በጣቴ ተከተልኩት። ደም ሥሬ ሁሉ ሞቀ። ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ማንም ያላገኘውን መልስ ሲናገር የሚሰማኝ የነበረው ስሜት ነው።

«ጨርቁ ግን አንድ ዓይነት መሆን አለበት» አለች ወረንጦ፤ ለአንድ ጊዜ ጉድለት ፍለጋዋ ጠቀመን። «ከዚህ ሁሉ ቁርጥራጭ ለዚያን ያህል በር የሚበቃ አንድ ዓይነት ጨርቅ የለሽም።»

ነበረኝ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ካፖርቴን አወጣሁ፤ በየጠዋቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆምኩበትን፣ አመድማ፣ ጥሩ ሱፍ፣ ማንም እንዳይነካው ከልክዬ ብል እንዳይበላው ስጠብቀው የኖርኩትን። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«እትዬ፣ እሱን አይደለም!» ብላ ምራቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መቃን ጠንካራ ጨርቅ ይፈልጋል» አልኳትና መቀሱን በጀርባው መሐል አስገባሁ። ድምፁ ልቤን ቁርጥ አደረገው፤ እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። ይህን ሁሉም አዩ፤ በኩር ልጄም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ፋብሪካ ሆነ። እኔ እቆርጣለሁ፤ ምራቴ ታዞራለች፤ ታናሹ ልጄ በአውቶቡስ ነጂ ትዕግሥት ካውያ ይገፋል፤ ወረንጦ የተጣመመ ስፌት እየለቀመች «ፍቺው!» ትላለች፤ እንፈታዋለን። የገበሩንና የጥጡን ሥራ ሳሎን ውስጥ ሶፋዎቹን ገፍተን ምንጣፉ ላይ ተንበርክከን ሠራነው። በረጅም ስፌት አያይዘነው ስንቆም አመድማዎቹ መቃኖች ጠቆር ካሉት በሮች ዙሪያ ብቅ ብቅ ብለው ነጣ ያሉትን ወደ ኋላ ያራቋቸው መሰሉ፤ አንዱ በር ቀርቦ አንዱ ርቆ፣ ልብሱ ራሱ የሚገባበት መንደር መሰለ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የቀረው ባዶው ካሬ ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት የበኩር ልጄ ሸሚዙን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ገባና «መርፌ ይስጡኝ» አለ።

«ጊዜ አገኘህ?»

«እማዬ፣ በሰፈሩ ሰው ፊት ባዶ ካሬ ተብዬ ልኑር?»

በባዶው ካሬ ላይ የሚደረብ ጨርቅ አንሥቶ ከማስመሪያዋ ጋር ሲገጥም አየሁት፤ ሳያስብ ሠላሳ አንድ ላይ አሰመረ። ጣቱን እየወጋ፣ እየማለ፣ እስከ ከሰዓት ድረስ አንድ በር ሰፋ። ጠማማ ነው። በተገርበበው በር ስንጥቅ ግን የስፌት መኪናዬ መንኰራኩር ይታያል። የክሩን ጫፍ ቆረጥኩለትና በቦታው ላይ ደረብነው።

የአዳራሹ ኃላፊ ዘመድ የማታውቅ ሴት ናት። ሥራችንን በዐራት እጅ ዘርግተን አቆምንላት። ከፊት አየችው፤ ከኋላ ገልብጣ አየችው፤ ማእዘኖቹን በጣቷ ፈተሸች። የበኩር ልጄ ከእኔ ይበልጥ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

«ዋናው ግድግዳ» አለች፤ ከዚያም ወደ አንዱ በር ጎንበስ ብላ «እነዚህን መቃኖች ያሰበው ማን ነው?»

«ምራቴ ናት» አልኩ፤ ድምፄን አዳራሹ ሙሉ እንዲሰማው አድርጌ። «የሐሳቡ ባለቤት እሷ ናት።» ምራቴ ቀና ብላ ቆመች፤ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ረጅም መሆኗን አላስተዋልኩም ነበር።

ኃላፊዋ ግን አመድማውን ጨርቅ በጣቶቿ እያሸች ቀረች። «ይህን ሱፍ አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ባረፈድኩ ቁጥር በር ላይ የሚጠብቀኝ ካፖርት ነው! ወይዘሮ ቀጥ… ይቅርታ፣ ዲሬክተር!»

«አሁንም ታረፍጃለሽ?» አልኳት።

«ኧረ በጭራሽ!» አለችና ሳቋ አዳራሹን ሞላው። «አሁን ግን እሱ ግድግዳ ላይ ይቁም፤ እኔ ቁጭ ብዬ ልየው።»

ወረንጦ ክርኔን ጎሸም አደረገችኝ። «ምስክርነቴን ልስጥ እንጂ» አለች፤ ወደ በኩር ልጄም ዞረች። «ጠረጴዛህን ኮሪደር ላይ አድርጋት፤ ጥሩ ቦታ አለ ብለሃል አሉ።»

እሱም ሽንፈቱን በክብር ተቀበለ። በማግስቱ ያማረ የብረት ማስመሪያ ገዝቶ አመጣልኝ፤ ከዜሮ የሚጀምር፣ የሚያብረቀርቅ። አመስግኜ በአሮጌዋ ጎን ምስማር መትቼ ሰቀልኩት፤ ለእንግዳ ይሆናል ብዬ።

ከዐውደ ርእዩ በኋላ ምራቴ ሌላ ካሬ ጨርቅ ይዛ ወደ ክፍሉ መጣች። የቤታችንን በር እንደገና ልትሰፋው ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከግድግዳው ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች፤ የብረቱን አልፋ የእንጨቷን አወረደች፣ ጨርቁ ላይ አስተኛቻትና ሠላሳ አንድ ላይ አሰመረች።

«ከውስጥ ነው የምሰፋው» አለችኝ።

ወንበሬን ጠጋ አደረግኩና በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃኑ በሚገባበት ቦታ፣ ስፍራ ለቀቅኩላት።