የዳኛው በሬዎች በጠላ ቤቱ ደጅ

ባንድ ልቡና ሁለት ትካዜ፣ ባንድ ጫንቃ ሁለት ቀንበር መሸከም እንደማይገባ የቀደሙ ጠቢባን መክረዋል፤ ዳሩ ግን፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ምክርን የሚያደንቅ ብዙ፣ የሚፈጽም ግን ጥቂት በመሆኑ፣ የደመወዝ እንጀራ የሚበላ ሰው ሁሉ በጓሮው ሁለት ሦስት በሬ ቢያደልብ ፈጥኖ የሚከብር እየመሰለው ሲያልም ያድራል። የዋርካ ምንጭ አውራጃ ዳኛ የነበሩት፣ ግርማቸው የተፈራ፣ ጢማቸው የተከበረ አቶ ዘውገ ኃይለ መለኮትም ይኸው ሕልም አገኛቸውና፣ ለፋሲካ አድልበው ሊሸጧቸው ሦስት ከሲታ በሬዎች ገዝተው ከቤታቸው ጓሮ አሰሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ አስተዋይና ቁጥብ ሴት ነበሩና፣ «ወንበሩ አይበቃዎትም? በሬ እኮ ውሎ የሚያየው ሰው ይፈልጋል» ቢሏቸው፣ ዳኛው ፈገግ ብለው «አውራጃ የማስተዳድር ሰው ሦስት በሬ ያቅተኛል?» ሲሉ መለሱ።

አላቃታቸውም፤ አውራጃው ግን ዋጋውን ከፈለ። በሬ በቀትር ውሃ፣ ከቀትር በኋላ ጭድ ይሻልና፣ ዳኛው እንደ ቀድሞው እስከ ማታ ተቀምጠው የተከሳሽን ቃል ከሥር እስከ ጫፍ ማድመጥ አልቻሉም፤ ስለዚህም ባለጉዳዩ ገና «ጌታዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «ምክንያት የጥፋት ጠበቃ ነው፤ አንሰማም» ብለው ፍርዳቸውን በመስጠት ከቀትር በፊት ከመንበራቸው ይነሡ ጀመር። ሕዝቡም «እንዴት ያለ ቆራጥ ዳኛ ነው» እያለ አደነቃቸው። ያ ሁሉ ቆራጥነት ከበሬዎቹ ሆድ የመነጨ መሆኑን ከወይዘሮ ደብሪቱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ነገር ግን አንድ የከብት ነጋዴ፣ ጭድ አጥንት ያቆም እንደሆነ እንጂ ስብ እንደማይሠራ፣ ያለ ጠላ አተላም የደለበ በሬ እንደሌለ በነገራቸው ጊዜ ዳኛው ታላቅ ጭንቅ ያዛቸው፤ ምክንያቱም ጠላ ቤትን የነቀፉ፣ ሰካራምን የገሠጹ፣ «በሥራ ቀን ከጠላ ቤት ደጅ የተገኘ ሁሉ ይያዝ» ብለው በአዋጅ ያስነገሩ እርሳቸው ነበሩ። አሽከር እንዳይልኩ አሽከር አፍ አለው፤ እንዳይተዉት ፋሲካ ቀርቧል። ስለዚህ ያ የተከበረ ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ አንጠልጥሎ፣ ጎሕ ሲቀድ በእትዬ ዘርትሁን ጠላ ቤት የጓሮ በር መመላለስ ጀመረ፤ በሬዎቹም አተላውን ወደዱት፣ ከሽታውም የተነሣ የመጣበትን አቅጣጫ ለይተው አወቁ።

ከዕለታት ባንዱ ማለዳ ሲጠጡ ያደሩ ሰዎች እዚያው ተደባድበው ጋን ሰበሩና፣ የአውራጃው ዘበኛ በአዋጁ መሠረት በደጁ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ለፍርድ አቀረበ፤ ከእነርሱም ጋር የእትዬ ዘርትሁንን አጥር ሊያጥር በማለዳ የመጣው፣ ጠላ በአፉ ያልዞረ አጥር ሠሪው ጫኔ ተያዘ። ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበርና አንድ ወር እስራት ሲፈረድበት ወደ ዳኛው ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ምክንያቴን ይስሙኝ» አለ።

«ምክንያት የጥፋት ጠበቃ ነው።»

«እንግዲያስ ፍርዱ ለሁሉም እኩል ይሁን። ዛሬ ማለዳ በጓሮ በር ጋቢ ተከናንቦ፣ ሁለት ባልዲ ይዞ የወጣ ሌላ ሰው አይቻለሁ። እሱ ለምን ቀረ?»

ለምስክርነት የቆሙት እትዬ ዘርትሁን ሰውየው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ ዳኛው ቀና ብለው፣ «እንዳልናገር ለምነውኛል፣ ጌታዬ» አሉ። የዳኛው ፊት እንደ ከሰል ጠቆረ። ዝም ቢሉ ስማቸው ይተርፋል፣ ጫኔ ይታሰራል፤ ቢናገሩ ጫኔ ይተርፋል፣ ስማቸው ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር፣ መዋሸት አምሯቸው ነበር። ነገር ግን ቀና ሲሉ የጫኔን ዓይን አገኙና፣ «ያ ሰው እኔ ነኝ» አሉ፤ ፈጥነውም «ምክንያቴም...» ብለው ሳይጨርሱ፣ ጫኔ በትሕትና እጅ ነሥቶ «ምክንያት የጥፋት ጠበቃ ነው ይሉን የለ፣ ጌታዬ?» አላቸው።

የችሎቱ ሰው ሳቅ ጋብ ሲል ዳኛው፣ «ተናገር፤ መጀመሪያ ያንተን እንስማ» አሉ። ጫኔም ተናገረ፤ የአጥሩን ነገር፣ የሚስቱን ነገር፣ አማቱ ስለ አጥር ሥራ ያላቸውን ንቀት ጭምር አንድ በአንድ ዘረዘረ። ነጻ በወጣ ጊዜ፣ ቀድሞ ሳይሰሙ የተፈረደባቸው ሁሉ ከደጅ ተሰልፈው እኛንም ይስሙን አሉ። ቀትሩ አለፈ፤ በሬዎቹ ከሩቅ አገሡ። ዳኛው ሰምተዋል፤ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ የማለዳው ዘበኛ፣ ቀን በችሎት የሆነውን ያልሰማው፣ ሦስት በሬ እየጎተተ ገባ። «ገመዳቸውን በጥሰው ከጠላ ቤቱ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው፤ አዋጁ የተገኘ ሁሉ ይላል» አለ።

ዳኛው ወደ በሬዎቻቸው ዞሩ። «የእነዚህስ ምክንያት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

የሌሎቹን ምክንያት ሲሰማ ውሎ ወደ ሚስቱ ሊሄድ ነጠላውን ያጣፋው ጫኔ ከደጃፉ ተመልሶ፣ «ርቧቸው ነው፣ ጌታዬ። ጌታቸው ሥራ በዝቶበት ነው» አለ።

በሬዎቹ በነጻ ተለቀቁ፤ ለፋሲካም እንደ ከሱ፣ በተገዙበት ዋጋ እንኳ ሳይሆን ተሸጡ። ጫኔ ግን ልጁ ስትወለድ ከቤቱ ነበረ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዳኛህ በሬ ከስቶ ብታይ አትዘንለት፤ የዳኛው ጆሮ ለሰው ውሏል ማለት ነውና።