የጋሼ ፍሬን እግር

የመኪና ማሰልጠኛው ባለቤት ስም ነበረው፤ ሰልጣኞቹ ግን «ጋሼ ፍሬን» ነው የሚሉት። ከአሰልጣኙ ወንበር ሥር በተገጠመችው ሁለተኛዋ ፍሬን ላይ የሚኖር ሰው ነበር። ድመት ስታቋርጥ ይረግጣል፤ ድመቷ ሐሳቧን ቀይራ ስትመለስም ይረግጣል። እሱ ያስተማረው ሰው ሁሉ መንጃ ፈቃድ የሚይዘው ከአንገት ሕመም ጋር ነው።

የወንድሙን ልጅ ምላሷን አይቶ «ምላጭ» ያላት ራሱ ነው። ምላጭ መኪና እያጠበች ስትኖር የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የአሰልጣኙን ወንበር። መንዳት ያስተማራት የለም። ዝናብ ሲጥል ሌላው ከጣሪያ ሥር ሲጠለል፣ እሷ በግቢው ጭቃ ላይ መኪና ሆን ብላ እያንሸራተተች ትመልስ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ አጎቷ ቁልፍ ሰጣት።

«እስቲ ቁልቁለቱን አውርጂኝ። ካማረኝ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካላማረኝ ማጠብሽን ትቀጥያለሽ፤ እሱንም ጎማ ላይ ትሰንፊያለሽ።»

«እሺ ጋሼ። ብቻ እግርዎን ያሳርፉልኝ።»

«እግሬን ደግሞ አንቺ ልታዢው?»

ግማሹን በሰላም ወረዱ። ኩርባው ላይ ከሌላ መኪና የፈሰሰ ዘይት ያብረቀርቃል። ምላጭ አይታው እግሯን ከነዳጁ ላይ አንስታለች። ጋሼም አየው፤ እንዳየውም ያቺን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጣት።

ጎማዎቹ መዞር አቆሙ። የመኪናዋ ኋላ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ አፍንጫዋ ወደ ግራ፣ ወደ ድንጋዩ አጥር ዞረ። መሪው እጇ ላይ ቀለለ፤ ቢያዞሩት የማይሰማ ሆነ።

«ይልቀቁት ጋሼ! እግርዎን ያንሱ!»

«ይዤዋለሁ! ይዤዋለሁ!»

«አንሳ እግርህን፣ አንተ ሰውዬ!»

በሕይወቱ እንዲህ የጮኸበት የለም። ደንግጦ ሁለቱንም እግሮቹን አነሳ፤ ያውም እስከ ላይ። ጎማዎቹ መዞር ጀመሩ። ምላጭ አጥሩን ትታ መንገዱን አየች፤ መሪውን ኋላው ወደሸሸበት ወደ ቀኝ አዞረች፣ ቀጥሎም ቀስ አድርጋ መለሰችው። መኪናዋ አንዴ ጭራዋን ወዘወዘችና ቀጥ ብላ ወረደች።

ቁልቁለቱ ሥር ሲቆሙ የጋሼ ትንፋሽ ተመለሰ።

«አንተ አልሽኝ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

ግቢ ሲደርሱ ቀድሟት ወርዶ ሰልጣኞቹን ሰበሰበ። «መሪውን ለቀቀችው እኮ! ይህ እግሬ ባይኖር አልቆልን ነበር። ፍሬኗን እንደረገጥኩ፣ ሳልለቅ፣ ታች ድረስ አወረድኳት። ወንበር ትለኛለች ደግሞ! ሂጂ ባልዲሽን አንሺ።»

ምላጭ መልስ አላጣችም፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ነው የቸገራት። ይህን ጊዜ የአጎቷ ሚስት፣ የድርጅቱ ግማሽ ባለቤትና የመኪኖቹ መዳቢ፣ የመኪናዋን በር ከፍታ ጎንበስ አለች። እንደጎነበሰችም ቆየች።

«ሰውዬ፣ ፍሬኑን በየትኛው እግርህ ነው የረገጥከው?»

«በዚህ ነዋ!»

«እነዚህስ የማን ናቸው?»

ሰልጣኞቹ ተንጠራሩ። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ሁለት የጫማ ኮቴዎች በጭቃ ታትመዋል፤ ግራና ቀኝ፣ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ።

«የቆየ ነው» አለ ጋሼ።

ሚስቱ በጣቷ ነካችው። «ገና አልደረቀም።» ከዚያ ቁልፉን ነቅላ ለምላጭ ወረወረችላት። «ከነገ ጀምሮ አንቺ ነሽ የምታሰለጥኚው።»

ምላጭ ቁልፉን ቀለበችው። ባልዲውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አጎቷ ፊት አቆመችው።

«ዳሽቦርዱን ያቆሸሹት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለች፣ አክብሮቷን መልሳ። «ጎማውም ላይ አይስነፉ።»